የበዛው ዓይን፣ የራቀው እጅ

የአውሮፓ ድንበር ስደተኛውን ከሩቅ ያየዋል፤ በጣቱም ያስታውሰዋል። የደረሰበትን የሚጠይቀው ግን ማን ነው?

አውሮፓ ውስጥ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ይህን ወሬ ያውቀዋል፤ «ጣልያን ላይ አሻራ ሰጥቶ ስለነበር ጀርመን አልቀበልህም አለችው።» ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ክርክሩ ይጀመራል። ልጁ ምን አጥፍቶ ነው? ጠበቃ ቢይዝ ይሰረዝለት ይሆን? ተደብቆ ጊዜ ቢያሳልፍስ? አንዱ ከጎረቤት ልጅ የሰማውን ያመጣል፤ ሌላው ቲክቶክ ላይ ያየውን። ደላላውም የራሱን ይጨምርበታል።

ልጁ ያጠፋው ነገር የለም። ከባሕር ወጥቶ መሬት በረገጠ በሰዓታት ውስጥ አሥር ጣቶቹ መስታወት ላይ ተጫኑ፤ መስታወቱ ያነሳው ምስልም እሱ ገና ከወደቡ ሳይወጣ የመላው አውሮፓ መዝገብ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ድንበሩ ከስደተኛው ጋር አብሮ ይጓዛል። በጣቱ ጫፍ ላይ አለ፣ በኪሱ ስልክ ውስጥ አለ፣ በጀልባው ላይ በሚያንዣብበው ሰው አልባ አውሮፕላን ውስጥም አለ። ይህ ዘገባ ያንን ድንበር ከጣት እስከ ሰማይ ይከተላል። የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ሁሉ የሚያይና የሚመዘግብ አካል፣ ስላየው ነገር የሚጠየቀው መቼ ነው?

## የመስታወቱ ተራ

ጀልባ በሚደርስበት የሲሲሊ ወይም የላምፔዱዛ ወደብ ሥራው በተለመደ ቅደም ተከተል ይሄዳል። መጀመሪያ ሐኪም ቁስለኛውንና ነፍሰ ጡሯን ይለያል። ቀጥሎ ቁጥር የተጻፈበት የእጅ አንጓ ማሰሪያ ይታደላል። የወርቅ ቀለም ያለው ስስ መሸፈኛ ትከሻቸው ላይ የተጣለባቸው ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ ባሕሩ ላይ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። በጎማ ጀልባ የመጡት ደግሞ ከጀልባው ወለል የፈሰሰው ቤንዚን ከባሕር ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ቆዳቸውን ልጦታል።

ተራው የደረሰው ሰው ፎቶ ይነሳና ወደ መሣሪያው ይቀርባል። መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ፊቱ መስታወት፣ ውስጡ ብርሃን። ጓንት ያጠለቀ ፖሊስ የሰውየውን እጅ ይይዛል። የቀኝ እጅ አራት ጣቶች አንድ ላይ፣ የግራውም አራት፣ ከዚያ ሁለቱ አውራ ጣቶች ይጫናሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ጣት ከጥፍር ጥግ እስከ ጥፍር ጥግ እየተንከባለለ ይነሳል። ጣቱ በጣም ከደረቀ ወይም ከረጠበ መሣሪያው አልቀበልም ይላል፤ ፖሊሱ በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ይጭነዋል። እርሻና ግንባታ መዳፉን ያሻከረበት ሰው ብዙ ጊዜ ደጋግሞ እንዲጭን ይገደዳል።

ከዚህ የሚወጣው ምስል የሚያርፈው ዩሮዳክ በሚባለው የጋራ መዝገብ ላይ ነው። ዩሮዳክ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2003 ነው፤ የሚያስተዳድረው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ በኢስቶኒያዋ ታሊን ሲሆን ማሽኖቹ በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ናቸው። ስደተኛው ወራት ቆይቶ ስቶክሆልም ወይም ፍራንክፈርት ሄዶ ጥገኝነት ሲጠይቅ ያው ጣት ዳግመኛ ይጫናል። መዝገቡ ካወቀው መልሱ አጭር ነው፦ የአንድ አገር መለያ የሆኑ ሁለት ፊደላት፣ ከኋላቸው አሃዝ። የመጀመሪያው አሃዝ 1 ከሆነ ሰውየው እዚያ አገር ጥገኝነት ጠይቋል ማለት ነው፤ 2 ከሆነ በዚያ በኩል ያለ ፈቃድ ድንበር ሲሻገር ተይዟል። በመጀመሪያው ዩሮዳክ ውስጥ የሰውየው ስም እንኳ አልነበረም። ጣቱ፣ ጾታው፣ የተያዘበት ቦታና ቀን ይበቁ ነበር።

«ዱብሊን» የሚባለው ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1990 ዱብሊን ከተማ ላይ በተፈረመው ስምምነትና እሱን በተኩት ሕጎች መሠረት አንድ የጥገኝነት ጥያቄ የሚያየው አንድ አገር ነው። አገሩን ለመለየት ከሚያገለግሉት መመዘኛዎች አንዱ ሰውየው መጀመሪያ የገባበት ድንበር ነው፤ አሻራው የሚመሰክረውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጣልያንን የረገጠ ሰው እህቱ ስዊድን ብትኖርም፣ የሚያውቀው ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ቢሆንም፣ ወደ ጣልያን ተመለስ ይባላል።

ብዙዎች የማያውቁት ግን ይህ ነው፦ ሕጉ ራሱ ቅድሚያ የሰጠው ለአሻራ አይደለም። በመመዘኛዎቹ ዝርዝር አናት ላይ የተቀመጡት ለብቻው የመጣ ልጅ ጥቅምና የቤተሰብ አንድነት ናቸው። ባል ወይም ሚስት ሌላ የአውሮፓ አገር ውስጥ ጥገኝነት አግኝተው ከሆነ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ወንድም ወይም አጎት እዚያ ካለው፣ ጥያቄው ወደዚያ አገር መሄድ አለበት። አሻራውን መሣሪያ ያነሳዋል። ቤተሰብ ግን የሚገኘው ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠይቅና ሲያዳምጥ ነው። ወደብ ላይ ያለው ችኮላ ደግሞ ለመሣሪያው እንጂ ለጥያቄው ጊዜ የለውም።

በካምፖች የሚሠሩ የአማርኛና የትግርኛ አስተርጓሚዎች የሚያነሱት ቅሬታም ይኸው ነው። መብቱን የሚገልጸው ወረቀት ይታደላል፤ ነገር ግን ከባሕር የወጣ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ጓደኛው የሰመጠበት ሰው በዚያ ሰዓት አያነበውም። ሲያነበው አሻራው ሄዷል።

> ጣቱ በመጀመሪያው ቀን ይነበባል፤ ታሪኩ የሚሰማው ከወራት በኋላ ነው።

## ጣትን ከእሳት

በሰሜን ፈረንሳይ ካሌ ከተማ ዳርቻ፣ ስደተኞቹ ራሳቸው «ጫካው» በሚሉት ሰፈር፣ ይህ መዝገብ ምን ያህል እንደሚፈራ የሚያሳይ ነገር ለዓመታት ታይቷል። ኤርትራውያን፣ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በእሳት ያጋሉትን ብረት በጣቶቻቸው ጫፍ ይጨብጡ ነበር። በምላጭ የፋቁም፣ በአሲድ ያቃጠሉም ነበሩ። ሥቃዩ የሚሰጣቸው ግን ጥቂት ሳምንት ነው። የጣት መስመር የሚሠራው ከላይኛው ቆዳ ሥር ባለው ድርብ ላይ ስለሆነ ቁስሉ ሲሽር ያው መስመር ተመልሶ ይበቅላል። መሥሪያ ቤቶቹም ይህን ያውቃሉ፤ ጣቱ የተጎዳውን ሰው ሲድን ተመለስ ይሉታል፣ ያኔ ደግመው ያነሱታል።

በጁላይ 2013 ላምፔዱዛ ላይ ኤርትራውያን ስደተኞች አሻራ አንሰጥም ብለው በደሴቲቱ ጎዳናዎች ሰልፍ ወጥተው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የአውሮፓ ኅብረት ጣልያንና ግሪክ ውስጥ ልዩ የመመዝገቢያ ማዕከላት አቋቁሞ የሁሉም አሻራ እንዲነሳ ግፊት አደረገ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2016 ባወጣው ዘገባ እምቢ ያሉ ሰዎች ተደብድበው፣ አንዳንዶቹም በኤሌክትሪክ ተነዝረው አሻራ እንዲሰጡ መገደዳቸውን የሚናገሩ ምስክርነቶችን አቅርቧል፤ የጣልያን ፖሊስ አስተባብሏል።

አዲሱ የዩሮዳክ ሕግ በ2024 ጸድቆ ከጁን 2026 ጀምሮ እንዲሠራበት ተወስኗል። አሻራ የሚነሳበት ዕድሜ ከ14 ወደ 6 ዓመት ወርዷል። የፊት ምስልና ስምም ይመዘገባሉ። ድንበር ሲሻገር የተያዘ ሰው መረጃ ይቆይ የነበረው ለ18 ወር ሲሆን አሁን ለ5 ዓመት ነው። ተደብቆ ጊዜ ማሳለፍ ይሻላል ለሚለው ምክርም መልሱ በሕግ ውስጥ አለ፦ በቀድሞው የዱብሊን ደንብ ሰውን ወደ ሌላ አገር ለማዛወር መንግሥት ያለው ጊዜ በመደበኛው 6 ወር ነበር፤ የተሰወረ ሰው ላይ ወደ 18 ወር ይረዝም ነበር። ዱብሊንን የተካው አዲስ ሕግ ለተሰወረ ሰው ወደ 3 ዓመት አድርሶታል።

## እየታዩ መሞት

ማርች 2011 መጨረሻ ላይ 72 ሰዎችን የጫነች የጎማ ጀልባ ከትሪፖሊ ተነሳች። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ኤርትራውያን፣ ናይጄሪያውያን፣ ጋናውያንና ሱዳናውያንም ነበሩባት። ሁለት ሕፃናትም ነበሩ። ጊዜው የሊቢያ ጦርነት የተፋፋመበት ነበር፤ ባሕሩ በኔቶና በአባል አገሮቹ መርከቦች፣ በራዳርና በቃኚ አውሮፕላኖች የተሞላ ነበር። ነዳጃቸው ሲያልቅ በያዙት የሳተላይት ስልክ ሮም ለሚኖሩት ኤርትራዊ ካህን ለአባ ሙሴ ዘርአይ ደወሉ። አባ ሙሴ ለጣልያን የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አሳወቁ። ጀልባዋ ያለችበት ቦታ በሳተላይቱ ታወቀ፣ የድረሱልን ጥሪው በአካባቢው ላሉ መርከቦች ሁሉ ተላለፈ።

ሄሊኮፕተር መጣ። ውሃና ብስኩት በገመድ አውርዶ ሄደ፤ አልተመለሰም። ጀልባዋ 14 ቀን ስትንሳፈፍ ቆየች። የተረፉት እንደሚሉት አንድ የጦር መርከብ በዓይን እስከሚተያዩ ድረስ ቀርቧቸው ነበር፤ የሞቱ ሕፃናትን ከፍ አድርገው አሳዩት፣ እሱም ሄደ። ጀልባዋ በመጨረሻ መልሳ የሊቢያ ዳርቻ ላይ ተጣለች፤ በጠቅላላው 63 ሰዎች ሞተው በሕይወት የቀሩት 9 ናቸው። የአውሮፓ ምክር ቤት ጉባኤ በ2012 ባወጣው የምርመራ ዘገባ ከአንድ በላይ አካል ኃላፊነቱን አለመወጣቱን አስፍሯል።

ይህን ታሪክ በቴክኖሎጂ እጥረት ማስረዳት አይቻልም። ቦታው ታውቆ ነበር፣ ጀልባዋ ታይታ ነበር፣ ፎቶም ተነስታ ነበር። የጎደለው እጁን የሚዘረጋ ነበር።

በኦክቶበር 2013 ላምፔዱዛ አጠገብ 368 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ ከሞቱ በኋላ ጣልያን ለአንድ ዓመት መርከቦቿን ለነፍስ አድን አሠማራች። ከዚያ ወዲህ መርከብ እየቀነሰ፣ አውሮፕላን እየበዛ ሄደ። በማርች 2019 የአውሮፓ ኅብረት የባሕር ኃይል ዘመቻ መርከቦቹን አስወጥቶ ከአየር ቅኝት ጋር ቀረ። ከሜይ 2021 ጀምሮ ደግሞ የኅብረቱ የድንበር ጥበቃ ድርጅት ፍሮንቴክስ ሄሮን የተባለውን እስራኤል ሠራሽ ሰው አልባ አውሮፕላን ከማልታ እያስነሳ በማዕከላዊ ሜዲትራኒያን ላይ ያበራል። ሄሮን ቀንና ሌሊት አየር ላይ መቆየት ይችላል። የሙቀት ካሜራው በጨለማ ውስጥ ጥቁር ባሕር ላይ የሰው ገላ ሙቀት ነጭ ሆኖ እንዲታይ ያደርጋል። ምስሉ በቀጥታ ዋርሶ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት ይተላለፋል።

አውሮፕላኑ ሰው አያነሳም። የሚያስተላልፈው ቦታን ነው፤ ከሚያስተላልፍላቸው መካከልም የሊቢያ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ቦርደር ፎረንሲክስ ከተባለ የመርማሪዎች ቡድን ጋር በ2022 ባወጣው ጥናት የሄሮንን በረራና የጀልባዎችን መያዝ አነጻጽሮ ቅኝቱ ስደተኞች ወደ ሊቢያ እንዲመለሱ እያገዘ ነው ብሏል። ተመልሰው የሚገቡበትን እስር ቤት የሚያውቁ ብዙ የእኛ ልጆች አሉ፤ የማስለቀቂያ ገንዘብ አምጡ ተብለው በስልክ ሲደበደቡ የሰሙ ቤተሰቦችም ያውቁታል። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ቡድን በማርች 2023 ሊቢያ ውስጥ በስደተኞች ላይ በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል መፈጸሙን ለማመን በቂ ምክንያት እንዳለው አስታውቋል።

በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 25 ሌሊት የፍሮንቴክስ አውሮፕላን ወደ ደቡብ ጣልያን የምትጓዝ አንዲት የእንጨት ጀልባ አየ። ከላይ የሚታየው አንድ ሰው ነበር፤ የሙቀት ካሜራው ግን ከሥር ብዙ ሰው መኖሩን ጠቆመ። መረጃው ለጣልያን ደረሰ። የተላኩት የነፍስ አድን መርከቦች ሳይሆኑ የፖሊስ ጀልባዎች ነበሩ፤ እነሱም ማዕበሉ በርትቶባቸው ተመለሱ። ሊነጋ ሲል ጀልባዋ ኩትሮ ከተባለ ስፍራ ዳርቻ ላይ ተሰባበረች፤ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከመካከላቸውም ብዙ ሕፃናት ነበሩ።

> የጎደለው እጁን የሚዘረጋ ነበር።

## የነካ ይጠየቃል

መርከብ ቀንሶ አውሮፕላን መብዛቱ ከገንዘብ በላይ የሆነ ምክንያት አለው። እሱን ለመረዳት ወደ ሜይ 2009 መመለስ ያስፈልጋል። የጣልያን መርከቦች ከላምፔዱዛ በስተደቡብ ወደ 200 የሚጠጉ ስደተኞችን ከባሕር አነሱ፤ ማንነታቸውንና የሸሹበትን ምክንያት ሳይጠይቁ ትሪፖሊ ወስደው አስረከቧቸው። ከመካከላቸው 24ቱ፣ 13 ኤርትራውያንና 11 ሶማሊያውያን፣ ስትራስቡርግ ላለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አመለከቱ። በፌብሩዋሪ 2012 ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው፦ ሰዎቹ የጣልያን መርከብ ላይ ነበሩ፣ ስለዚህ በጣልያን ሥልጣን ሥር ነበሩ፤ ሥቃይ ወደሚጠብቃቸው አገር መመለስ ደግሞ ክልክል ነው። ሂርሲ ጀማ በሚል የሚጠራው ይህ ውሳኔ ለስደተኛ መብት ጠበቆች የማዕዘን ድንጋይ ነው።

የፍርዱ መልእክት ግልጽ ነበር። ሰውየውን በእጅህ ከያዝከው ትጠየቅበታለህ። መንግሥታትም መልእክቱን በራሳቸው መንገድ ተረዱት፤ ሰውየውን በእጃቸው መያዝ ተዉ። ጣልያን በ2017 ከሊቢያ ጋር ተስማማች፣ ለሊቢያ ጠባቂዎች ጀልባና ሥልጠና ሰጠች። አውሮፓ ከሰማይ ያያል፣ ሊቢያ ከባሕር ትይዛለች። የሚያየው አይነካም፤ የሚነካው ደግሞ ስትራስቡርግ አይከሰስም።

ይህ መላ በፍርድ ቤት ሲፈተን የሆነውም አሳሳቢ ነው። በኖቬምበር 2017 የሊቢያ ጠባቂዎች በደረሱበት አንድ አደጋ ሰዎች ሰምጠው፣ ሌሎች ወደ ሊቢያ ተመልሰው ነበር፤ የድረሱልን ጥሪውን መጀመሪያ ያስተላለፈው የሮም ማዕከል ነው። የተረፉት ጣልያንን ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ2025 አቤቱታውን ሳይቀበል ቀረ፤ ጣልያን በዚያ ባሕር ላይ የሥልጣን ቁጥጥር አልነበራትም አለ።

ዓይኑን ሆን ብሎ ማዞርም ታይቷል። የአውሮፓ ኅብረት የፀረ ማጭበርበር መሥሪያ ቤት ፍሮንቴክስን መርምሮ ባዘጋጀው ዘገባ በ2020 አንድ የቅኝት አውሮፕላን ከግሪክ ባሕር ላይ እንዲነሳ የተደረገው ግሪኮች ስደተኞችን ወደ ቱርክ ሲመልሱ እንዳያይ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ቀርቧል። የድርጅቱ ኃላፊ በ2022 ሥልጣን ለቀቁ። ያየ ሰው የመመስከር ግዴታ እንዳለበት ድርጅቱ ራሱ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ አውሮፕላኑን ያስነሳውም ይህ ዕውቀት ነው።

## አጥር መንገድ ያዞራል

ውሃ ሲገደብ ሌላ ቦይ እንደሚፈልግ ሁሉ የስደት መንገድም እንዲሁ ነው። የእስራኤልን ምሳሌ የሲና በረሃን የሚያውቁ ሁሉ ያስታውሱታል። በ2011 ከግብፅ በኩል ከ17,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ሱዳናውያን፣ ወደ እስራኤል ገብተው ነበር። ካሜራና ራዳር የታጠቀው የሲና አጥር ሲጠናቀቅ ቁጥሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ጥቂት ደርዘን ወረደ። ስደቱ ግን አልቆመም፤ ወደ ሊቢያና ወደ ባሕሩ ዞረ።

ካሌ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ወደ እንግሊዝ የሚሻገር የጭነት መኪና ውስጥ የተደበቀ ሰው እንዲገኝ ትንፋሽ የሚለኩ ዘንጎች፣ የልብ ምት የሚሰሙ መሣሪያዎች፣ ኤክስሬይና ውሾች ተተከሉ። ትንፋሹ እንዳይታወቅ ፌስታል ራሱ ላይ አጥልቆ የሚተነፍስ ሰው ነበር። መኪናው እየከበደ ሲሄድ ከ2018 ጀምሮ ብዙዎች በትንንሽ ጀልባ የእንግሊዝን ቻናል መሻገር ጀመሩ። ደላላውም ዋጋውን ጨመረ። ቅኝት ሲጠብቅ የሚጠቀመው ሰው ቢኖር አሻጋሪው ነው፤ መንገዱ በጠበበ ቁጥር መንገድ አውቃለሁ ባይ ይወደዳል።

## ኪስ ውስጥ ያለው ምስክር

ስልክ ለስደተኛ ካርታው፣ ባንኩና የእናቱ ድምፅ ነው። መንግሥታት ደግሞ ማስረጃ ያዩበታል። ጀርመን ከ2017 ጀምሮ ፓስፖርት የሌላቸውን ጥገኝነት ጠያቂዎች ስልክ እያስከፈተች ከየት አገር ጋር እንደተደዋወሉ፣ በምን ቋንቋ እንደሚጻጻፉ በኮምፒውተር ትመረምር ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2023 ሌላ ቀላል መንገድ መኖሩ ሳይታይ በቅድሚያ ወደ ስልክ መግባት ሕገ ወጥ ነው አለ። እንግሊዝም በ2020 በጀልባ የደረሱ ሰዎችን ስልክ በጅምላ ትወስድ ነበር፤ ለንደን ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2022 ሕግ የጣሰ አሠራር ሲል ወሰነ። በሁለቱም አገሮች ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት የወሰዱት ስደተኞቹ ራሳቸው ናቸው።

ከባሕር ማዶ፣ በብራዚል ጀምረው የዳሪየንን ጫካ አቋርጠው ሜክሲኮ የደረሱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ሌላ ዓይነት ስልክ ገጥሟቸዋል። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ አሜሪካ ድንበር ላይ ጥገኝነት ለመጠየቅ ዋናው መንገድ ሲቢፒ ዋን በተባለ መተግበሪያ ቀጠሮ መያዝ ሆነ። መተግበሪያው የሚናገረው እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽና የሄይቲ ክሪዮል ነበር፤ አማርኛና ትግርኛ አልነበሩትም። ለማመልከት የፊት ፎቶ ይጠይቃል፤ የጥቁር ሰዎችን ፊት ደጋግሞ አልለይም እንደሚል ስደተኞችና የሚረዷቸው ድርጅቶች ተናግረዋል። ፊታቸው ላይ ኃይለኛ መብራት እያበሩ የሞከሩ ነበሩ። በጃንዋሪ 20 ቀን 2025 መተግበሪያው ለዚህ አገልግሎት ተዘጋ፤ ወራት የጠበቁ ሰዎች ቀጠሮ በዚያው ቀን ተሰረዘ። ለመብት የተከፈተው ብቸኛ በር ማሽን ከሆነ በሩን ለመዝጋት አንድ ትእዛዝ ይበቃል።

## ጠባቂዎቹ የሚሉት

የድንበር ጥበቃ ሰዎች ክርክር ተደምጦ መመዘን አለበት። ከሰማይ ባንቃኝ ኖሮ የማናገኛቸው ጀልባዎች አሉ፤ የድረሱልን ጥሪ ደግሞ በዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ ለአካባቢው የነፍስ አድን ማዕከል ማስተላለፍ ግዴታችን ነው ይላሉ። አሻራም ባይኖር አንድ ሰው በአሥር አገር ያመለክታል፣ በእውነት የተቸገረው ተራ ያጣል ይላሉ። ልጆችን ለመመዝገብ የሚሰጡት ምክንያት ደግሞ የጠፋ ወይም በአዘዋዋሪ የተወሰደ ልጅ ለማግኘት ይረዳል የሚል ነው።

በእነዚህ ውስጥ እውነት አለ። አውሮፕላን ያየውና የተረፈ ጀልባ አለ፤ በአሻራ ከቤተሰቡ ጋር የተገናኘ ልጅም ሊኖር ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያው ለሁለት ዓላማ ሲያገለግልና ሁለቱ ሲጋጩ ነው። ጀልባን ያየ አውሮፕላን በአቅራቢያ ላለው የንግድ ወይም የበጎ አድራጎት መርከብ ቢናገር ሰዎቹ ደኅና ወደብ ይደርሳሉ፤ ለሊቢያ ጠባቂ ቢናገር እስር ቤት ይገባሉ። በሁለቱም ጊዜ አውሮፕላኑ አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ለማን ይነገር ብሎ የሚወስነው ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን ስሙም ኃላፊነቱም አይታወቅም።

> ልዩነቱን የሚያመጣው ለማን ይነገር ብሎ የሚወስነው ሰው ነው።

## ዓይኑ ሲመለስ

ያው ቴክኖሎጂ ወደ ኃያላኑም ሲዞር ታይቷል። የአባ ሙሴ ስልክ ቁጥር በሊቢያ እስር ቤቶች ግድግዳ ላይ ተጭሮ ይገኝ ነበር። ከ2014 ጀምሮ አላርም ፎን የተባለ የበጎ ፈቃደኞች መረብ ባሕር ላይ ከተጨነቁ ሰዎች የሚመጣ ጥሪ ቀን ከሌት ይቀበላል፤ ቦታቸውን ከሳተላይት ስልካቸው ወስዶ ለሚመለከተው ሁሉ ያሳውቃል፣ ያሳወቀበትንም ሰዓት ይመዘግባል። አላወቅንም የሚል መንግሥት በዚህ መዝገብ ይሞገታል።

የ2011ዋን ጀልባ ጉዞ የለንደን ተመራማሪዎች ከነፋስ፣ ከባሕር ሞገድና ከሳተላይት ምስል መልሰው ሠርተው በዙሪያዋ የነበሩትን መርከቦች አሳይተዋል። በኦገስት 2023 ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ላይ የፈጸሙትን ግድያ ሲያጋልጥ ከተረፉት ቃል ጎን ለጎን ያቀረበው የሳተላይት ምስል ነበር፤ በድንበሩ ተራሮች ላይ እየሰፉ የሄዱ የመቃብር ቦታዎች ይታዩበታል። ሳዑዲ ዓረቢያ ክሱን አስተባብላለች። ማንም ጋዜጠኛ በማይደርስበት ተራራ ላይ የወደቁ ልጆች ምስክር ያገኙት ከሰማይ ነው።

## ሰው ምን ይዞ ይቁም?

ይህን የሚያነብ ሰው ምናልባት መንገድ ላይ ያለ ወንድም አለው። ስለዚህ ሕጉ ለስደተኛው የሚሰጠውን በአጭሩ ማስቀመጥ ይገባል። አሻራ ሲነሳ ለምን እንደተነሳና ስንት ዓመት እንደሚቆይ በሚገባው ቋንቋ የመነገር መብት አለው። መዝገቡ ውስጥ ስለ እሱ የተያዘውን የመጠየቅ፣ ስህተት ካለ የማሳረም መብት አለው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በስህተት ትልቅ ሰው ተብሎ ከተመዘገበ ይህ ሕይወቱን ይለውጣል። ወደ ሌላ አገር ትመለሳለህ የሚል ውሳኔ ሲደርሰው ይግባኝ ማለት ይችላል፤ የይግባኙ ጊዜ ግን አጭር ስለሆነ ወረቀቱን በደረሰው ቀን ለጠበቃ ማሳየት አለበት። ከሁሉ በላይ፣ አውሮፓ ውስጥ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም ወይም እህት ካለው፣ ሕመም ወይም የደረሰበት ጥቃት ካለ፣ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ይናገር። ደላላ «ዘመድ አለኝ አትበል» ብሎ ይመክራል። ይህ ምክር ብዙ ቤተሰብ ለያይቷል።

ከመንግሥታት የሚጠበቀው ደግሞ የተወሳሰበ አይደለም። ከሰማይ ያየ አካል መቼ እንዳየ፣ ለማን እንደነገረ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ መዝግቦ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይኖርበታል። ሰው አልባው አውሮፕላን ስደተኛውን የሚያይበት ጥራት ካለ፣ የባለ ሥልጣኑን ውሳኔ ለማየትም ያንኑ ጥራት መጠየቅ ተገቢ ነው። ሕጉም ከነካ ወደ አየ መራመድ አለበት፦ ሰው አደጋ ላይ መሆኑን አውቆ ወደ ሥቃይ የሚወስደውን የጠራ መንግሥት በገዛ እጁ እንዳስረከበው ሊቆጠርበት ይገባል። ሂርሲ ጀማ የተፈረደው 24 ሰዎች ተስፋ ሳይቆርጡ ስለከሰሱ ነው። ቀጣዩ ፍርድም የሚመጣው የሚከስ ሰው፣ የሚያስተረጉምለት ወገን፣ የሚቆምለት ጠበቃና ጉዳዩን አንብቦ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ሲኖር ነው። ለዚህ ደግሞ በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በፍራንክፈርትና በስቶክሆልም ያለው ሕዝባችን አቅሙም ቋንቋውም አለው።